ደህና ያልሆነ ይመዝገብ

ሰው በተሰበሰበበት ቤት ሁሉ አንድ “በልቼ ነው የመጣሁት” የሚል አይጠፋም። ሆዱ እየጮኸ ጠግቤያለሁ ይላል። ላብ በግንባሩ እየወረደ አልሞቀኝም ይላል። ወንበር ሲሰጡት ጫፉ ላይ፣ ሊነሳ እንደተዘጋጀ ሰው ይቀመጣል፤ ትራስ ሲጨምሩለት እንደተሰደበ ይደነግጣል። መኪና ገጭቶ ቢጥለው እንኳ መጀመሪያ የሚያሳዝነው ሹፌሩ ነው፤ “ደነገጥክ እንዴ ልጄ?” ይለዋል። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ሰው የለም። የለኝም የሚል ካለ ምናልባት ራሱ ነው።

የዚህ ወገን አለቃ፣ የይሉኝታ ባላባት፣ ክቡር ጋሽ ደህና ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ግን እንዴት ነዎት ሲባሉ ከ“ደህና” ሌላ መልስ ከአፋቸው ወጥቶ ስለማያውቅ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ መልሱን ስም አደረገላቸው። ከአገራቸው ተሰደው ሲመጡም ከአዲሱ አገር ቋንቋ መጀመሪያ የለመዱት “ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ” የሚለውን ነው። ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ለማጥናት አልቸኮሉም፤ ይቺው ትበቃለች ባይ ናቸው።

ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ከእህታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። የስፌት መኪናው ሲሽከረከር የታችኛውን ጎረቤት ያውካል ብለው ስለሚጨነቁ፣ ደረጃ ላይ ባገኙት ቁጥር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቅርታ ይጠይቁታል። ጎረቤቱ መስማት የተሳነው ነው።

የእህታቸው ልጅ በሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ የምታጥፍ፣ ወፍራም መነጽር የምታደርግ፣ ዝምተኛ ወጣት ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ትወዳቸዋለች። ግን እውነቱ ይነገር ከተባለ ከፍቅሯ እፍረቷ ይቀድማል። ከጋሽ ደህና ጋር ሰው ቤት መሄድ ለእሷ በሰው ፊት ቀስ እያሉ መሞት ነው። የቤቱ እመቤት ሳህን ታቀርባለች፤ እሳቸው “በልተን ነው የመጣነው” ይላሉ፤ ልጅቷንም ጨምረው። ሴትየዋ ትለምናለች፣ ትቆጣለች፣ ታኮርፋለች፤ እሳቸው ወይ ፍንክች። ከዚያ ሲወጡ ከዳቦ ቤቱ ጎን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ደረቅ ዳቦ ይገምጣሉ። ልጅቷ የሚያውቃት ሰው እንዳያልፍ ግራና ቀኝ እያየች ትጠብቃቸዋለች፤ እሷም ርቧታል፤ ልስጥሽ ሲሏት ግን አልራበኝም ትላለች።

ኮታቸውን ደግሞ አያወልቁም። ክፍሉ እንደ ምድጃ ቢግል፣ ሕፃናት በካኒቴራ ቢሮጡ፣ ጋሽ ደህና በኮታቸው ናቸው። “ያውልቁ እንጂ ጋሼ፣ ሞቆዎታል” ሲባሉ “ኧረ ደህና ነው፣ ነፋስ አለ” ይላሉ፤ መስኮቱ ተዘግቶ። ልጅቷ ከሥር ያለው ሸሚዝ ቢያልቅ ነው ብላ ገምታለች። የሰው ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ የሰው ገበር ሲቀይሩ የሚውሉ ሰው ለራሳቸው አንድ ሸሚዝ አይሰፉም እንዴ ብላ ትናደዳለች። ደፍራ አትጠይቃቸውም። ብትጠይቅም መልሱን ታውቀዋለች።

የጥርስ ሐኪሙ ቤት የሆነውንማ ባታወሳው ትመርጣለች። ጉንጫቸው አብጦ፣ ሌሊቱን ሲያቃስቱ ሰምታ፣ እየጎተተች ወሰደቻቸው። ሐኪሙ በልጅቷ አስተርጓሚነት “የትኛው ነው የሚያምዎት?” አለ።

“ሁሉም ደህና ናቸው።”

“ታዲያ ለምን መጡ?”

“ልጅቷ አመጣችኝ።”

ሐኪሙ በግምት አንዱን ነቀለ። ያልታመመውን ነበር። ጋሽ ደህና አፋቸውን በጥጥ ይዘው “እሱም ቢሆን ዕድሜው ደርሶ ነበር” ብለው አመሰገኑት። ልጅቷ ደረሰኙን ተቀብላ መነጽሯ ላይ ዕንባ እንዳይታይባት አቀርቅራ ወጣች።

እንግዲህ በእኒህ ሰው ላይ ነው አዋጁ የወጣው።

የተጠለሉበት አገር መንግሥት ከእነሱ አገር ሸሽተው ለመጡ ሰዎች ጊዜያዊ ከለላ እሰጣለሁ አለ። ከለላውን ያገኘ ሰው ይሠራል፣ ማንም ከቤቱ አያስወጣውም። ያላገኘው፣ እስካሁን እያሳደሰ የኖረባት የይደር ወረቀት ከእንግዲህ አትታደስለትም፤ ሻንጣውን ያዘጋጅ ማለት ነው። ልጅቷና ጋሽ ደህና ያቺኑ ወረቀት ይዘው፣ ስደተኞችን በነጻ ወደሚያግዝ አንድ የወገናቸው ልጅ ዘንድ ሄዱ። ወጣቱ አማካሪ ወንበር አቀረበ። ጋሽ ደህና ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

“መስፈርቱ ከባድ አይደለም” አለ አማካሪው። “የዚያ አገር ዜጋ መሆን አለባችሁ። አዋጁ ከወጣበት ቀን በፊት እዚህ የገባችሁና ከዚያ ወዲህ ያልወጣችሁ መሆኑን ማስረዳት አለባችሁ። ወንጀል ያልሠራችሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተመልሳችሁ በሰላም መኖር የማትችሉ መሆን አለባችሁ። ይኸው ነው።”

“ቀላል ነው” አሉ ጋሽ ደህና።

ቀላል አልነበረም። እዚህ ለመኖራቸው ማስረጃ ሲጠየቁ በስማቸው አንድም ነገር አልተገኘም። የቤት ኪራዩ በልጅቷ ስም፣ መብራቱ በልጅቷ ስም። ክሊኒክ አልሄዱ፣ አቤቱታ አልጻፉ። “ስሜን ሲጽፍ ሰው ለምን ይቸገራል ብዬ ነው” አሉ። አማካሪው ሊያለቅስ ሲል ልጅቷ የጥርስ ሐኪሙን ደረሰኝ አስታወሰች። ቀን አለው፣ ስም አለው፣ ማኅተም አለው። ያ ያለ ጥፋቱ የተነቀለ ጥርስ ምስክር ሆኖ ቆመላቸው።

አማካሪው ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። “ወንጀል ሠርተው ያውቃሉ?”

ጋሽ ደህና አንገታቸውን ደፉ። “ልጄ፣ ሰው ሆኖ ከበደል የጸዳ ማን አለ።”

የአማካሪው እስክሪብቶ ቆመ። “ምን አደረጉ?”

“ስንቱን።”

“ጋሼ፣ የተጠየቁት ወንጀል ነው፤ ኃጢአት አይደለም” አለች ልጅቷ። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

“እሱን እግዜር ነው የሚለየው።”

ብዙ ተለምነው የተናዘዙት ይሄን ነው፦ በወጣትነታቸው የአንድ ሙሽራ ሱሪ ከልኩ በላይ አሳጥረው፣ ሙሽራው “ሲታጠብ ገባብኝ” ብሎ ሲያማርር ዝም ብለዋል። አማካሪው ይሄን መጻፍ አያስፈልግም አለ። እሳቸው ግን እንዲጻፍ ፈለጉ፤ ሰውየው እስከ ዛሬ ጨርቁን እየረገመ ይሆናል አሉ።

“እሺ፣ የመጨረሻው። ወደ አገርዎ ቢመለሱ ምን ይደርስብዎታል?”

“ምን ይደርስብኛል። አገሬ አይደል?”

አማካሪው ግንባሩን በእጁ ደገፈ። “ጋሼ፣ ይስሙኝ። አዋጁ ባጭሩ የሚለው ደህና ያልሆነ ይመዝገብ ነው። ደህና ነኝ ካሉ ይመልስዎታል። እሷንም ከእርስዎ ጋር። የምትኖሩት አንድ ቤት፣ የሸሻችሁት አንድ ሌሊት፤ የእርስዎ ቃል የእሷንም ያፈርሳል።”

ጋሽ ደህና ወጣቱ ስለተጨነቀ አዘኑለት። “አታስብ ልጄ” አሉ፤ “ደህና ይሆናል።”

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ልምምድ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክርና ቁርጥራጭ ጨርቅ ገለል አድርጋ እንደ ጠያቂ ትቀመጣለች። እሳቸው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ፊት ለፊቷ ይቀመጣሉ።

“ቤትዎ ምን ሆነ?”

“ትንሽ እሳት ነክቶት ነበር።”

“ጋሼ፣ ተቃጥሎ አመድ ሆኗል።”

“አዎ። ግን በጓሮ በኩል ግድግዳው ቆሟል።”

“የስፌት ቤትዎስ?”

“ሰዎች መጥተው መኪናዎቹን ወሰዷቸው።”

“ዘረፏቸው ይበሉ።”

“ካልቸገራቸው አይወስዱም እኮ።”

እንዲህ ሲሉ ሲሉ አንድ ቀን ልጅቷ ትዕግሥቷ አለቀ። “እርስዎ እኮ በእሳት ቢቃጠሉ የሚያሳስብዎት ጭሱ ጎረቤት እንዳያውክ ነው” አለቻቸው። ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች፤ እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም። ጋሽ ደህና ግን ሳቁ። ከሳቁ በኋላ የሜትራቸውን ጫፍ ሲያጥፉና ሲዘረጉ ቆዩ።

“ልብስ ሊለካ የመጣ ሰው ኮቱን ነው የሚያወልቀው” አሉ። “እዚህ ግን ቆዳህን አውልቀህ አሳይ የተባልኩ መሰለኝ። ያሳፍራል፣ ልጄ።” ተነስተው ወደ ስፌት መኪናቸው ሄዱ።

እሷ በበኩሏ የራሷን ቃል ጽፋ እንደ ግጥም ሸምድዳዋለች። “የዚያን ቀን ማታ በራችንን ሰበሩት” ብሎ የሚጀምር፣ ምንም ያልተጋነነ፣ ምንም ያልቀረበት ነው። አንሶላ ስታጥፍ በልቧ ትወጣዋለች። የሚያሰጋት አጎቷ እንጂ እሷ አይደለችም።

ቃላቸውን የሚሰጡበት የቀጠሮ ቀን ደረሰ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የማይከፈት መስኮት፣ ከሚገባው በላይ የሚያሞቅ ማሞቂያ። ጠያቂዋ ፊቷ የደከመ፣ ድምጿ ግን ለስላሳ ሴት ናት። አስተርጓሚዋ በአካል የለችም፤ ድምጿ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ ይወጣል።

“ጤና ይስጥልኝ” አለ ስልኩ።

ጋሽ ደህና ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ለስልኩ እጅ ነሱ። “ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ነሽ ልጄ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች አሉሽ? ደህና ናቸው? እናትሽስ በሕይወት አሉ?”

ጠያቂዋ ጠበቀች። ጠበቀች። “ምን እያሉ ነው?” አለች።

“ስለ ልጆቼ እየጠየቁኝ ነው” አለ ስልኩ።

“አሁንም?”

“አሁንስ ስለ እናቴ ነው።”

ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

የሆነውን ሁሉ መዘርዘር ያሳዝናል። ቤትዎስ ሲባሉ “ቤት ያልፋል” አሉ። ንብረትዎስ ሲባሉ “ዕቃ አይደል” አሉ። አካልዎ ላይ ጉዳት ደርሷል ወይ ሲባሉ “ኧረ ምንም፣ እግዜር ይመስገን” አሉ። በመጨረሻ ጠያቂዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ “ወደ አገርዎ ተመልሰው መኖር ይችላሉ?” አለቻቸው። ይቺን አንዲት ጥያቄ ስንት ማታ ተለማምደዋታል። ልጅቷን አዩአት። “እንግዲህ ሰው ከሆነ የትም ይኖራል” አሉ።

ስልኩ ተረጎመው። ጠያቂዋ ጻፈችው።

አለቀልን አለች ልጅቷ በልቧ። ግን የእሷ ተራ አለ። የተሸመደደው ቃል አለ።

ጠያቂዋ ወደ እሷ ዞረች። ወጣት መሆኗን አይታ ነው መሰል ፊቷን ፈታ አደረገች። “መጀመሪያ” አለች፤ “እንደምን ነሽ?”

“ደህና ነኝ” አለች ልጅቷ። “እግዚአብሔር ይመስገን።”

“የዚያን ቀን ምን ደረሰባችሁ?”

የዚያን ቀን ማታ በራችንን ሰበሩት። ቃሉ ከምላሷ ሥር አለ። አፏን ከፈተች። ይቺ የማታውቃት ሴት ትሰማለች፤ ስልኩ ውስጥ ያለችው የወገን ሴትም ትሰማለች፤ ዛሬ ማታ እቤቷ ገብታ “አንዲት ምስኪን ልጅ” ብላ ታወራ ይሆናል። ፊቷ ጋለ።

“ብዙም አይደለም” አለች።

ድምፁ የእሷ ነው፤ ቃሉ የአጎቷ። እንዴት ከአፏ እንደወጣ አላወቀችም። ሌላ ቃል ብትፈልግ አጣች። ጠያቂዋ እንደገና ጠየቀቻት። ልጅቷ መልስ እንደመስጠት መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። ያለ መነጽሯ ክፍሉ ጉም ነው፤ ጠያቂዋ ጉም፣ አበባው ጉም። በዚያ ጉም ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማች።

“ሞቆኛል።”

“ይቅርታ፣ ምን አሉ?” አለ ስልኩ።

“ሞቆኛል አልኩ፣ ልጄ። ኮቴን ላውልቅ ፍቀዱልኝ።”

ልጅቷ መነጽሯን ፈጥና አደረገች። ጋሽ ደህና ቆመው ቁልፋቸውን እየፈቱ ነው። ከሥር የለበሱት ሸሚዝ ነጭ ነው፤ ኮሌታው የቆመ፣ ፊቱ የተተኮሰ። ኮቱን ወንበሩ ላይ ሊያንጠለጥሉ ዞር ሲሉ ግን ጀርባው ታየ። የሸሚዝ ጀርባ አልነበረም። ግራጫ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ባለመስመር፤ የሰው ሱሪ ሲያሳጥሩ ከተረፈ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነበር። የልጅቷ ፊት ነደደ። ጠያቂዋም እያየችው እንደሆነ ልጅቷ አስተዋለች፤ ምነው ዝም ብለው በኮታቸው በቆዩ ብላ ተመኘች።

“እመቤቴ” አሉ ጋሽ ደህና ቆመው እንዳሉ፣ “ይቺ ልጅ ደህና ነኝ የምትለው ከእኔ ተምራ ነው። ደህና አይደለችም። መብራት ጠፍቶ አትተኛም። የተቃጠለ ነገር ከሸተታት በእኩለ ሌሊትም ተነስታ ጫማዋን ታደርጋለች። ጫማዋን አድርጋ አልጋዋ ላይ ትቀመጣለች። አያየኝም ብላ ነው። እኔም ያላየሁ መስዬ ነው።”

ስልኩ ተረጎመ። ጠያቂዋ እስክሪብቶዋን አነሳች።

“እኔም ዋሽቻለሁ። የትም እኖራለሁ ያልኩት ውሸት ነው፤ እዚያ ከተመለስን ይገድሉናል። ሰዎቹ በሩን ሰብረው ቤቱን ሲያነዱት በጓሮ ወጥተን ነበር። ግን መነጽሯን ረስታ ወጣች። ያለ መነጽር ደረጃና ገደል አትለይም፤ በጨለማ እንዴት ትሩጥ? ተመልሼ ገባሁ። መነጽሩን አገኘሁት። ስወጣ የጣሪያው እንጨት ጀርባዬ ላይ ወደቀ።” እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው የሸሚዙን ጥግ ነካ አደረጉ። “ይቺው ሸሚዝ ናት። ፊቷ ደህና ስለነበር ጀርባዋን ቀየርኩላት። የእኔን ጀርባ ግን የሚቀይር ስፌት የለም። ትንሽ ነው የተቃጠልኩት።”

አስተርጓሚዋ ልትጀምር ስትል እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ።

“ቆይ ልጄ። ትንሽ የሚለውን አትንገሪያት።”

ልጅቷ ሌሊቱን ታስታውሳለች። ከጭሱ ወጥተው መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አደረጉላት፤ “ምንም አልሆንኩም፤ መስታወቱም አልተሰነጠቀ” አሏት። ከዚያ በኋላ በመጠለያው ስንት ሳምንት በደረታቸው ተኝተው “እንዲህ ነው የሚመቸኝ” ሲሉ፣ አንድ ሰው የሰጣቸውን ኮት ለብሰው በሙቀቱ ሲውሉ፣ አይታለች። ሰው ሁሉ የጋሽ ደህናን “ምንም” በዕጥፍ አባዝቶ ነው የሚሰማው፤ እሷም እንደዚያው። የዚያን ሌሊቱን “ምንም” ብቻ እንዳለ ተቀብላው ኖራለች። በዚያው መነጽር እያየቻቸው። በዳቦ ቤቱ ጎን፣ በጥርስ ሐኪሙ ቤት፣ ኮታቸውን ባላወለቁ ቁጥር ያፈረችባቸውን እፍረት አሰበችና የት እንደምትጥለው ጨነቃት።

“የዚያን ቀን ማታ” አለች፤ “በራችንን ሰበሩት።” እስከ መጨረሻው ተናገረችው።

ጠያቂዋ ጋሽ ደህናን ሐኪም እንዲያያቸው ጻፈችላቸው። ሐኪሙ አየ፤ የጻፈው ከደረሰኙ ጋር ተያይዞ ገባ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ኑና ካርዳችሁን ውሰዱ ተባሉ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ካርዶቹን እያቀበለ “ጊዜያዊ ነው” አለ። “ሲያልቅ ተመልሳችሁ ታሳድሳላችሁ። መስፈርቱን አሁንም እንደምታሟሉ ታስረዳላችሁ።”

ጋሽ ደህና ልጅቷ እስክትተረጉምላቸው ጠብቀው “እንደገና ደህና አይደለንም በሉ ነው?” አሉ።

“አዎ ጋሼ።”

“እኔ የእኔን ተናግሬያለሁ። የሚቀጥለው ተራ ያንቺ ነው።”

አውቶቡሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ከፊታቸው አንዲት ሴትዮ መስኮቱን ከፍታ ነፋሱ ይገባል። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ አንድ ነገር ልትጠይቃቸው ፈልጋ በየቀኑ ዋጥ ስታደርገው ኖራለች። አፍራ ነው፤ ምንም ይሉኛል ብላም ፈርታ ነው።

“ጋሼ፣ ጀርባዎን ያምዎታል?”

“ኧረ ም…” አሉና አቆሙ። ካርዱን በጣታቸው አገላበጡት። ውጭውን አዩ።

“ሲበርድ” አሉ።

ልጅቷ ተነስታ ሴትየዋን መስኮቱን ትዘጋላቸው እንደሆነ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ዞራ አየቻቸው። “በረዳችሁ እንዴ?”

ጋሽ ደህና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በአገሩ ቋንቋ ከሁሉ አስቀድመው ያወቁትን አሉ። “ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ።”

“በርዶናል” አለች ልጅቷ።

ተራው የእሷ ነበር።